በሜትር የተገኘ መቃብር

እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚኮራበት አንድ ነገር አያጣም። አንዱ በመሬቱ ይኮራል፣ አንዱ ሐኪም በሆነ ልጁ። እኛ ቤት የሚኮራው በአንድ ሟች ቁመት ነው።

ሟቹ የአባቴ አባት ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ። እትዬ እንደምትለው ከሆነ መመሳሰላችን እዚያ ላይ ያበቃል። እትዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤተሰቡ ራስ እሷ ናት። አባቷ በር ሲገባ ጎንበስ ይል እንደነበር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ያለ ዕቃ እየዳሰሰ ያወርድ እንደነበር ስትተርክ ድምጿ ሁሉ ይለወጣል። ተርካ ስትጨርስ እኔን ከላይ እስከ ታች ታየኛለች። መንገዱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ትጨርሳለች። "እንግዲህ ምን ይደረግ፣ በእናትህ ወገን ወጣህ" ትለኛለች። የሰፈር ስሜ ስፒል ነው። ቅጽል ስሙ ከሙያዬ የመጣ የሚመስላቸው እንግዶች አሉ፤ አላርማቸውም።

እትዬ አባቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ሰውየው አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ብዙ ቆይቶ፣ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ የሚል ወሬ በመንገደኛ አፍ ደረሰን። ቤት ውስጥ የተወው የስፌት መኪናውንና አንድ ካፖርት ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም ሱፍ፣ እኔን ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ የሚተርፍ ካፖርት። ሕፃኗ እትዬ "አባዬ የታለ?" እያለች ስታለቅስ እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ካፖርቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ታሳያት ነበር አሉ። "ዝም በይ። ካፖርቱን ትቶ የሄደ ሰው ሊመለስ አስቦ ነው የሄደው" ትላት ነበር።

ይህች አባባል የቤታችን ሕግ ሆነች። እትዬ ስታድግ ሕጉን ይዛ ፍርድ ሰጠች። አባቷ ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ካልተመለሰ ያስቀረው ነገር አለ፤ ያስቀረው ደግሞ የእናቷ ምላስ ነው። እውነት ለመናገር የአያቴ ምላስ ከመቀሷ የሰላ ነበር፤ ለአከራይም፣ ለደንበኛም፣ ለጎረቤትም መልስ አጥታ አታውቅም። እትዬ ግን "አንቺ ነሽ ያባረርሽው" ባለቻት ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም ብላታለች፣ አያቴ ቀና እንኳ አትልም። ዝም ብላ የቁልፍ ቀዳዳዋን ትዘመዝማለች። ባልና ሚስቱ አብረው ሲሠሩ ልብሱን የሚሰፋው እሱ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትበሳውና የምትዘመዝመው እሷ ነበረች። እሱ ከሄደ በኋላ ሁሉንም ብቻዋን ሠርታ ሁለት ልጆች አሳደገች። እኔንም መርፌ ያስያዘችኝ እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው እትዬ ቤት፣ እሁድ ምሳ ላይ ነው። እትዬ ጉልበቷን እያሸች፣ ሐኪሙ ልቧንም እንዳልወደደላት ነገረችን። "ከመሞቴ በፊት የአባቴ መቃብር ላይ ቆሜ አንድ ነገር ብነግረው ሌላ አልፈልግም" አለች።

"ምን ልትዪው?" አልኳት።

"ልትመለስ አስበህ እንደነበር አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩህም ልለው። ማንም እንዲህ ሳይለው ነው እኮ የተኛው።" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አንጀቴን በላችው። አንጀቴን የበላ ሰው ፊት ደግሞ አፌን መቆጣጠር አልችልም። "እኔ አገኝልሻለሁ" አልኩ።

ልጇ ሹካዋን አስቀመጠች። የእትዬ ልጅ ባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ማንኛውንም ነገር ብርሃን ላይ ይዛ ሳታይ አትቀበልም። "ጋሼ፣ አንተ ባለፈው ሳምንት መነጽርህን ስትፈልግ ውለህ ግንባርህ ላይ አይደል ያገኘኸው?"

"መነጽር ይንቀሳቀሳል" አልኳት። "የሞተ ሰው ግን ካለበት አይሄድም።"

ከአፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በሳምንቱ ሱቄን ዘጋሁ፤ የአንድ ሙሽራ ሱሪ አንድ እግሩ ብቻ እንደተሰፋ ጠረጴዛ ላይ ትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከተማዋ ስደርስ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የድሮው የቀብር መዝገብ ጎርፍ በልቶታል ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ መካነ መቃብሩን አገኘሁት፤ ከእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ ነው፤ የመጋዝ ብናኝ እየነፈሰ መቃብሩን ሁሉ ዱቄት አልብሶታል።

የመቃብሩ ጠባቂ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን የሚያስቸግር ዓይነት ነው፤ ማንንም "የለም" ብሎ መመለስ አይሆንለትም።

"ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ድሮ የሞቱ ሰው" አልኩት።

"አሉ" አለኝ ወዲያው።

"በጣም ረጅም ነበሩ።"

"አዎ፣ ረጅም። አሉ።"

መርከበኛ ብለውም፣ ጥርስ ሐኪም ብለውም "አሉ" ይል እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። የት ጋ እንዳሉ ስጠይቀው እጁን ዘርግቶ ጠቅላላውን ግቢ አሳየኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ከተማ ወርዶ ሽማግሌ ይጠይቃል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ አይጠይቅም፣ ይለካል። የካፖርቱን ርዝመት ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከካፖርት የሰውን ቁመት ማውጣት ለሰፊ ምንም ማለት አይደለም። ከሰው ቁመት የመቃብርን ርዝመት ማውጣት ደግሞ፣ ከዚህ በፊት የሞከረው ሰፊ መኖሩን ባላውቅም፣ ያው ለስፌት ትርፍ እንደመተው ነው ብዬ አሰብኩ። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ጀመርኩ። በየመቃብሩ ግርጌ እየተንበረከክኩ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ እየዘረጋሁ፣ ቁጥሩን እያጉተመተምኩ ግማሽ ቀን ዋልኩ። አበባ ይዘው የመጡ ሁለት ሴቶች ሲያዩኝ መንገድ ቀየሩ። ጠባቂው መጨረሻ ላይ አልቻለም፤ "ጌታዬ፣ ለሁሉም ነው ሱፍ የሚሰፉላቸው?" አለኝ።

አጥሩ ጥግ ላይ አገኘሁት። ከጎረቤቶቹ ሁሉ የሚረዝም፣ በሲሚንቶ የተሠራ መቃብር። የስም ድንጋይ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ሒሳቡ ልክ መጣ።

"እሳቸው ናቸው?" አልኩት ጠባቂውን።

"እርስዎ ነዎት እንጂ የለኩት!" አለኝ።

ይህን እንደ አዎንታ ቆጠርኩትና እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። የማስመሰል አልነበረም፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። አያቴ ሆይ፣ የልጅ ልጅህ አጭር ቢሆንም አገኘህ አልኩት። እንባዬን ስጠርግ የመጋዝ ብናኝ ዓይኔ ገባና እንደገና አለቀስኩ። ከዚያ ለእትዬ ደወልኩላት። "ብትረዝም ኖሮ እሱን ትመስል ነበር" አለችኝ፤ ከእሷ አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና ይሄ ነው።

የስም ድንጋይ አስቀረጽን። ጽሑፉን እትዬ ናት ያወጣችው። ከስሙ ቀጥሎ "ቁመተ ሎጋው፣ በሙያው አቻ ያልተገኘለት፣ ልቡ ከቤቱ ያልራቀ አባታችን" ይላል።

"ቁመት መቃብር ላይ ይጻፋል እንዴ?" አለች ልጇ።

"ጻፍ ብያለሁ፣ ጻፍ" አለችኝ እትዬ።

በተቀጠረው ቅዳሜ በልጇ መኪና ሄድን። እትዬ ከፊት፣ ካፖርቱን በላስቲክ ጠቅልላ ታቅፋለች። እኔ ከኋላ፣ ድንጋዩን እግሬ ላይ ተሸክሜያለሁ። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንዳገኘሁት ተረክሁ። በመጀመሪያው አተራረክ አንድ መቃብር ለክቼ ነበር ያገኘሁት፤ ከተማዋ ስንደርስ ግን አገሩን ሁሉ ለክቼ ጨርሼ ነበር። ልጇ በመስታወት እያየችኝ፣ "እና ጋሼ፣ ከርዝመቱ ሌላ ምን ማስረጃ አለህ?" አለችኝ። እንደ እሷ ዓይነት ሰው የቤተሰብ ደስታ አይገባውም ብዬ ተውኳት።

ግንበኛ ጠርተን ድንጋዩን በሲሚንቶ አስተከልን። እትዬ ካፖርቱን ከላስቲኩ አውጥታ መቃብሩ ላይ አለበሰችው። ከላይ እስከ ታች ደልደል ብሎ ተዘረጋ። "አየሽ? ልክ ነው" አልኳት፤ ደንበኛ መስታወት ፊት ሳቆም የምለው ቃል ነው፤ አፌ ለምዶት ወጣ። እትዬ አልሰማችኝም። ጫማዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው የኖረችው ንግግር ነው።

"አባዬ" አለች። "እኔ ነኝ። ልትመለስ አስበህ እንደነበር..."

"አባቴ ላይ ምን እየሠራችሁ ነው?"

ዞርኩ። ፊታቸውን ለማግኘት ብዙ ቀና ማለት ነበረብኝ። በእትዬ ዕድሜ ያሉ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ከአጥሩ በላይ የሚታዩ ረጅም ሴትዮ ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ መሆናቸውን በኋላ ነገሩን። ጠባቂው ደውሎ "ዘመዶችዎ መጥተው አባትዎን እያሳደሱ ነው" ብሏቸው፣ የማላውቀው ዘመድ ከየት መጣ ብለው ከቤታቸው እንደነበሩ ነው የወጡት። የአባታቸው የስም ድንጋይ ፊደሉ ስለለቀቀ ለማሳደስ ያስነሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ጠባቂውን ፈለግኩት። ራዲዮኑን አንስቶ ጎጆው ውስጥ ገብቷል።

"ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሳናውቅ ነው" አለች የእትዬ ልጅ። እኔን ግን አላየችኝም፤ ባየችኝ ይሻል ነበር።

አዋላጇ አጎንብሰው ድንጋዩን አነበቡ። ቁጣቸው እየበረደ ሄደ። "ይሄን ስም እኮ አውቀዋለሁ። ሰፊው አይደለም? ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ነበር። እዚሁ ነው ያለው፣ ወደዚያ ዝቅ ብሎ።" እንደገና አነበቡ። "ግን 'ቁመተ ሎጋው' ያላችሁት ለምንድን ነው? ለጨዋታ ነው?"

"ምን ማለትዎ ነው?" አለች እትዬ።

"ኧረ ይቺን የሚያክል ሰው ነበር!" ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቆሙ። መዳፋቸው የቆመው ልክ በእኔ አናት ትክክል ነበር። "አባቴን ትከሻውን ሊለካው በርጩማ ላይ ይወጣ ነበር። እኛ ልጆቹ እሱን ለማየት ነበር ተሰልፈን የምንሄደው።" ከዚያ እኔን አዩኝና አፋቸውን ያዙ። "ውይ በሞትኩት! ይሄማ ቁርጥ እሱን! ግንባሩ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ መቆሙ... ነፍሱን ይማረውና፣ ራሱ የመጣ ነው የመሰለኝ።"

የእትዬ ልጅ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። እኔ ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይቸግረኛል። በስተርጅና የምመስለው ሰው ተገኘልኝ። በዚያ በሚተረከው ቁመት የተነሳ ስንት ጊዜ ነው የተሳቀብኝ፤ ለካ ለወተት ጥርስ ልጅ ረጅም ያልሆነ አባት የለም።

እትዬ ግን አልሳቀችም። "ተሳስተዋል" አለች። "ሌላ ሰው ነው የሚሉት። የእኔ አባት ረጅም ነበር። ይኸው ካፖርቱ!" ካፖርቱን ከመቃብሩ ላይ አንስታ እኔ ላይ ወረወረችው። "አንተ ሰፊ አይደለህ? ንገራቸው! የእሱ መሆኑን አሳያቸው!"

ያንን ካፖርት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ የማየው ግን እንደ ልጅ ልጅ ነበር፤ እጄን ታጥቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። የኪሶቹ አፍ እንደተሰፋ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ጨዋ ሰው እጁን ኪሱ አይከትም ብላ እትዬ አስረድታኛለች። የሚቆለፍበት ቀዳዳ እንደሌለው አውቅ ነበር፤ ረጅም ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ አልፌዋለሁ። ጫፉ በነጭ ክር በሰፋፊው እንደተሸለለ አውቅ ነበር፤ ይህንንስ የድሮ ባለሙያዎች ፋሽን ነው ብዬ ለተለማማጆቼ አስተምሬበታለሁ። አንዱ ተለማማጅ አምኖኝ ለደንበኛ እንደዚያው አድርጎ ሰጥቶ፣ ልብሱ ተመልሶብናል።

አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰፊ አየሁት። ኮሌታውን ገለበጥኩ፤ አንገት የነካው አይደለም። ክርኑን አሸት አደረግኩ፤ ሱፉ እንደ አዲስ ነው። ደረቱ ላይ ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታ በክር ምልክት ተደርጎበታል፤ አልተበሳም። ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ክርም ልብሱ እስኪያልቅ ብቻ የሚይዝ ጊዜያዊ ስፌት ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የቀረው አፌ ነበር።

"እትዬ!" አልኩ፤ ያገኘሁት ነገር አስደስቶኝ ነበር። "ይሄ እኮ ተለብሶ አያውቅም! ያላለቀ ትዕዛዝ ነው! ደንበኛ አዞ ያልወሰደው ነው። የእሱ ሊሆንማ ከቶ..."

የእትዬ ልጅ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የተናገርኩት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ካፖርቱ የእሱ ካልሆነ ካፖርቱን ትቶ አልሄደም። ካፖርቱን ትቶ ካልሄደ ደግሞ... መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ቦታውም ለዚህ የተመቸ ነበር።

እትዬ አልጮኸችም። ወደ አዋላጇ ዞረች። "ሰውየው፣ ስለ ልጆቹ ያወራ ነበር?"

"ሳቂታ ሰው ነበር። ተጫዋች። ብቻውን ነበር የሚኖር፤ ለሰፈሩ ልጆች ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጠን ነበር" አሉ አዋላጇ። እትዬ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አላነሳችም። "ልጆች እንዳሉት ግን ዛሬ መስማቴ ነው፣ እህቴ። ይቅር ይበሉኝ።"

የመሰንጠቂያው መጋዝ ድምፅ መሃል ላይ ቆመና እንደገና ጀመረ። እትዬ ካፖርቱን ከእጄ ወስዳ፣ ቀዳዳ መሆን የነበረባቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች።

"ይሄን የምትበሳው እሷ ነበረች አይደል?" አለችኝ።

"ማን?"

"እናቴ።"

"አዎ። ሁልጊዜ እሷ ናት።"

"ይሄን ያልበሳችውም እሷ ናት።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ታውቅ ነበር።" ድምጿ ተሰበረ። "ያልጨረሰችው ሥራ የማን እንደሆነ ማወቅ ያቅታታል? ታውቅ ነበር! እኔ እንዳላለቅስ ብላ ነው የሰው ካፖርት አምጥታ... እኔ ደግሞ በዚያው በካፖርቱ ፈረድኩባት። 'አንቺ ነሽ ያባረርሽው' ስላት፣ 'ሞኝ፣ ካፖርቱ የእሱ አይደለም፣ አባትሽ ዝም ብሎ ነው ጥሎን የሄደው' ብትለኝ አበቃ ነበር። አንድ ቃል ነበር። ያቺ ምላስ! ለሰው ሁሉ የምትበቃው ምላስ ለራሷ አንድ ቃል አጣች?"

ልጇ አቀፈቻት። እኔ የማደርገው ስላልነበረኝ፣ ካፖርቱ መሬት ሲነካ አነሳሁትና አቧራውን ማራገፍ ያዝኩ።

አዋላጇ ወደ እውነተኛው መቃብር ወሰዱን። በሁለት ትልልቅ መቃብሮች መሀል የተወሸቀ፣ ሣር የወረረው፣ አጠር ያለ መደብ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሳልለካው ዘልዬው አልፌያለሁ፤ እንዲያውም ዕቃዬን ያስቀመጥኩት እሱ ላይ ነበር። ሜትር አላወጣሁም። ብጋደምበት ልኬ እንደሆነ ያስታውቃል።

እትዬ ቆማ አየችው። ያዘጋጀችውን ንግግር ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ። "ይኸው አየሁህ" አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ትቼው ልሂድ ወይስ ልጨምር ብላ እንኳ አላመነታችም፤ ዞረች።

ግንበኛው ድንጋዩን እየነቀለ ወዴት እንውሰደው አለ። አዋላጇ እንደ ማፈር እያሉ፣ "ስሙን ብትፍቁት ለእኔ አባት ይሆን ነበር" አሉ።

"'ልቡ ከቤቱ ያልራቀ' ይላል" አለች እትዬ። "ይሆናቸዋል?"

"አባቴማ ከዚህ ከተማ ወጥቶ አያውቅም። ማታ እንኳ አምሽቶ አያውቅም።"

"ይውሰዱት።"

ወደ ሰፈራችን የመልስ ጉዞ ጀመርን። እትዬ ከፊት መቀመጫ መስኮቱን እያየች ሄደች፤ ካፖርቱ ኋላ ከእኔ ጋር ነበር፤ ላስቲኩን ማንም አላለበሰውም። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ፣ "ወደ ቤት አትታጠፊ" አለች ልጇን። "እናቴ ጋ ውሰዱኝ።"

አያቴ የተቀበረችው ከሱቄ ብዙም በማይርቅ መካነ መቃብር ነው፤ በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። "ይሄንንስ እኔ አሳያችኋለሁ" ብዬ ቀደምኩ፤ ከተሸከሟት አንዱ እኔ ነበርኩና። ከግንቡ ሥር ሄድኩ፤ የማላውቃቸው አንድ መምህር ናቸው። አንድ ረድፍ ወደ ላይ ወጣሁ፤ መንታ ልጆች ናቸው። ያኔ እዚህ ዛፍ አልነበረም፤ ወይም ነበር። እጄ ሳላስበው አንገቴ ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ። ግን ምን ልለካበት? አያቴ ረጅም ትሁን አጭር ቤታችን ውስጥ አንድም ሰው አንስቶ አያውቅም። ካፖርት ያልተወች ሴትዮ ናት።

"የቱ ጋ ነው?" አለች እትዬ ከኋላዬ።

"እዚሁ አካባቢ ነው" አልኳት።

"አንተም አታውቀውም?"

እሷስ ብትሆን ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው መች እንደሆነ መናገር አትችልም ነበር። ልጇ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ተከፋፈልን። ሣር እየገለጥን፣ እያጎነበስን በየተራ ስም ማንበብ ያዝን። እትዬ ግን አልፈለገችም። መንገዱ መሀል ቆማ፣ ከትምህርት ቤት መጥታ በሩ የተዘጋባት ልጅ መስላ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል፣ "እማዬ! እማዬ!" እያለች ትጣራ ነበር።